የካቦ ጨመዳ ገንዳና የሎሚ ገል

«ነቀምቴ ላይ ሲሚንቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ካቦ ጨመዳ ነው።» ይህን የሚለው ካቦ ጨመዳ ራሱ ነበር። ደግሞ እውነቱን ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም፣ ለመንገድ ሠሪዎቹ አሸዋ ሲነፋ፣ ውሃ ሲያመላልስ፣ በኋላም አርማታ ሲያቦካ እጁ ተፍታታ። ጣሊያን ሲወጣ የልስን ማንኪያውና ቱምቢው እሱ ዘንድ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የሱቅ ደረጃ ይሁን፣ የትምህርት ቤት ሊሾ ይሁን፣ የቦይ መሻገሪያ ይሁን፣ ጨመዳ ያልነካው አልነበረም። ሥራውን ሲጨርስ ልስኑ ሳይደርቅ ማዕዘኑ ላይ በምስማር «ጨ» ብሎ ይጭራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣም ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ከተማውን እየዞረ «ጨ»ዎቹን ይጎበኛል። ከብት ያለው ከብቱን እንደሚያይ ማለት ነው።

ጉዱ ግን የራሱ ቤት ወለል አፈር መሆኑ ነው። ሚስቱ ዓባይነሽ፣ አባቷ ከጎጃም መጥተው እዚሁ የሰፈሩ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ «የሰውን ቤት ታበራለህ፤ እኔን እበት አስለቅልቀህ ታኖረኛለህ» ትለዋለች። እሱም «ሲሚንቶ ይርከስ እንጂ» እያለ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ሲሚንቶ ከአዲስ አበባ በመኪና ነው የሚመጣው፤ እንኳን ሊረክስ፣ ክረምት ሲገባ ጭራሽ ይጠፋል።

ሎሚ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ናት። ባሏ የሞተባት፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትኖር፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚርገፈገፍ ሴት። ክረምት ለሸክላ አይመችም፤ ግን የሚበላ ሰው ክረምትና በጋ አይመርጥምና ትተኩሳለች። እርጥበቱም ግማሹን እሳት ውስጥ ያፈነዳባታል። የፈነዳውን ከጓሮዋ ስትከምረው ክምሩ ከጎጆዋ ሊበልጥ ትንሽ ቀረው። አንድ ክረምት ደጇ ጭቃ ሆኖ ገዢ አልገባ ሲላት ገሉን በሙቀጫ ወቀጠችው፤ በወንፊት ነፋችው፤ ለግድግዳ ማንጫ ከተረፋት ኖራ ጋር ለውሳ ደጇን ለሰነችበት። ዝናብ ያጥበዋል ብላ ነበር። ዝናቡ ጭራሽ አጠነከረው።

ይህን ያየ ፈድሉ የሚባል ጉራጌ ባለ ሱቅ፣ መጋዘኑ ውስጥ ጨው እየረጠበ የተቸገረ፣ «እስቲ አዴ ሎሚ፣ የኔንም ሞክሪልኝ» አላት። ሠራችለት። ጨውም መርጠብ ተወ። ከተማው ሁሉ ሊያይ ጎረፈ።

ጨመዳ ወሬውን የሰማው ከሚስቱ ነው።

«የፈድሉን መጋዘን አይተኸዋል? ፊት ያሳያል አሉ! አዴ ሎሚ ናት የሠራችው። በተሰበረ ማሰሮ!»

«በተሰበረ ማሰሮ?» አለና ሳቀ። ራቱን ግን አልጨረሰም።

በማግሥቱ ምስማር ልግዛ ብሎ ፈድሉ ሱቅ ሄደ። ከገዛው ምስማር አንዱን ሆን ብሎ መጋዘኑ ወለል ላይ ጣለና ሊያነሣ ተንበረከከ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ በምስማሩ ጫፍ ወለሉን ጫረው። ምስማሩ ተንሸራተተ። ጠበቅ አድርጎ ደገመው፤ ነጭ መስመር ወጣ፤ በአውራ ጣቱ ሲያብሰው መስመሩ ጠፋ። ሰው በሰው ሀብት ይቀናል፣ በሰው ሚስት ይቀናል፤ ጨመዳ በወለል ቀና። «ሸክላ ሠሪ!» አለ በልቡ። «ማሰሮዋን እንጂ ምን አገባት!»

ተንበርክኮ ሳለ ነው አቶ ወልደሩፋኤል የገባው። ይህ ሰው የቢላ ወረዳ ጸሐፊ ነው፤ ከቢላ ነቀምቴ ሁለት ቀን በበቅሎ የመጣውም ጨመዳን ፍለጋ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቢላ ላይ የምንጩን ውሃ የሚያጠራቅም የድንጋይ ገንዳ ጨመዳ በግንቦት ገንብቶ ነበር። ውስጡን የሚለስንበት ሲሚንቶ ሲጠበቅ ክረምቱ ገባ፤ ወንዝ ሞላ፤ መኪናው መንገድ ላይ ቀረ። ጥቅምት ሃያ ሦስት ደግሞ የዘውድ በዓል ነው፤ የአውራጃው ገዥ መጥተው ገንዳውን ሊመርቁ ቀን ቆርጠዋል።

«ካቦ፣ ገዥው ቧንቧውን ሲከፍቱት ነፋስ ቢወጣ አንተም እኔም አለቀልን» አለ ወልደሩፋኤል። ከዚያ ዓይኑ ወለሉ ላይ ዐረፈ። «ቆይ! ይህ ሲሚንቶ በዚህ ክረምት ከየት መጣ?»

«ሲሚንቶ አይደለም፤ ገልና ኖራ ነው። የሎሚ ሥራ ነው» አለ ፈድሉ።

«እንግዲያማ ሴትዮዋን ይዣት ልሂድ!»

ይህን ጊዜ ጨመዳ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። የሚለውን አላሰበበትም፤ አፉ ቀደመው። «ሎሚን? ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም እንዴ! ጌታው እያለ ሎሌ ይጠራል?»

ፈድሉ ሚዛኑን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። ከዚያም ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ነጋዴ ነው፤ ደንበኛ አያዋርድም።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የጨመዳ ውሸት ግን ገና ከሱቁ ደጃፍ ሳይርቅ ከበደው፤ ምክንያቱም አስተማርኩ ያለውን ነገር ከነጭራሹ አያውቀውም። ስለዚህ በነጋታው ገንቦ ልግዛ ብሎ ሎሚ ቤት ሄደ።

«አካም ጂርታ ኦቦ ጨመዳ? ዛሬስ ምን እግር ጣለህ?» አለችው፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

ገንቦ እያገላበጠ፣ ስለ ዝናቡ እያወራ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ወለሉ መጣ። እሷም እንደ ጎመን አሠራር ዘርዝራ ነገረችው። ሦስት ቁና ገል፣ አንድ ቁና ኖራ። ገሉ እንደ በርበሬ ይድቀቅ። ውሃ አይብዛ። ከተለሰነ በኋላ እስኪጠነክር ድረስ በለስላሳ ድንጋይ ይደብደብ።

«ገሉንስ ከየት ነው የምታመጪው?»

«ይኸው» ብላ ክምሩን አሳየችው። «እሳት ውስጥ የፈነዳውን ብቻ ነው የምወስደው። ወጥ ቤት ገብቶ የወጣውን እንዳትነካ። ካጠራጠረህ በምላስህ ሞክረው፤ ደህና ገል ምላስ ይይዛል።» አንድ ስባሪ አንሥታ ምላሷ ላይ ለጠፈችው፤ እጇን ስትለቀው ስባሪው ምላሷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ነቅላ ትከሻዋን እያርገፈገፈች ሳቀችና ሌላ ስባሪ እጁ ላይ አኖረችለት። «ከፈለግህ አህያ አምጥተህ ከዚሁ ጫን። ማሎ፣ እባክህ ጓሮዬን አቅልልልኝ!»

ምስኪን ጨመዳ! የሰማው ሁሉ እውነት ነበር፤ ቅናት ግን ጆሮውን አጣመመበት። «ማነው ሙያውን ለባላንጣው በነጻ የሚሰጥ?» አለ መንገድ ላይ ለብቻው። «እኔ ለማን ሰጥቼ አውቃለሁ? እሳት ያልቻለ ማሰሮ ውሃ ሊችል! ደህናውን ደብቃ ውዳቂውን ልታሸክመኝ ነው። ይባስ ብሎ ገል አስልሳኝ የገበያ መሣቂያ ልታደርገኝ!» ስባሪውን ግን አልጣለውም፤ ልጥለው ሲል መንገደኛ ያየው መሰለውና ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የዚያን እሑድ ሰባኪው ስለ ቃየልና አቤል አስተማሩ። ጨመዳ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ለጎረቤቱ የተነገረ መስሎት ነበር።

ቢላ እንደ ደረሰ የሎሚን ተቃራኒ አደረገ። ሀያ ዓመት እሳት የቻለ ድስት ያለው፣ ምጣድ ያለው፣ የቅቤ ማስቀመጫ ያለው፣ ተሰብሮ ከጥሻ የጣለው ሁሉ ያምጣ አለ። ሴቶቹ ጉድ እያሉ አመጡለት። «ይህ ነው ፈተና ያለፈ ሸክላ» ይል ነበር፣ የጠቆረውን ስባሪ እያገላበጠ። ሲወቀጥ አካባቢው ሠርግ ቤት ሠርግ ቤት ሸተተ። ምጣዱ ስንት ዓመት በጎመን ዘር የታሸ ነው፤ ድስቱ ስንት ቅቤ የጠጣ ነው። ጨመዳ ሽታው ቢያስርበው እንጂ ምንም አላሳሰበው።

ለሰነ፤ ደበደበ። ማዕዘኑ ላይም ከወትሮው የገዘፈ «ጨ» ጫረ። ልስኑ መጥናት ሲያቅተው በዝናቡ አመካኘ። ሦስት ሳምንት ጠብቆ፣ በመስከረም ማለቂያ፣ በጠዋት ውሃ ለቀቀበት።

እኩለ ቀን ላይ የውሃው ፊት ቅባት ለበሰና አብረቀረቀ። ከዚያ ግድግዳው በየቦታው አለቀሰ። ከዚያ ልስኑ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ከላይ እስከ ታች ተንሸራቶ ወረደ። «ጨ»ም አብራ ወረደች። ገንቦ ይዘው የተሰበሰቡት ሴቶች ወደ ገንዳው ተጠጉ። በኋላ አንዲት አሮጊት ወደ ውስጥ አሽትተው፣ «ምን ወጥ ነው የሠራህልን ልጄ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!» ቢሉ የቢላ ሴት በሳቅ ፈረሰች።

ውሃው ፈስሶ ሰው ሲበተን ጨመዳ ብቻውን ገንዳው ውስጥ ወረደ። ከወደቀው ልስን ውስጥ በደንብ ያልደቀቀ ስባሪ ፈልጎ አገኘ። ዞር ብሎ አየ፤ ማንም የለም። ላሰው። ምላሱን አልያዘውም፤ ሻጋታ ቅቤ ቅቤ እያለ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ያለው ትዝ አለው። አውጥቶ አቧራውን አራግፎ ምላሱ ላይ አደረገው። ጥብቅ! ሊያላቅቀው ሲል ምላሱን ሳበው።

አልዋሸችውም። ጨመዳን ያንገበገበው የገንዳው መፍረስ አልነበረም፤ ይህች ነበረች። እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ኖሮ ይዋሻት ነበር። በሙያ በለጠችኝ ብሎ ሲቀና የሰነበተው ሰው አሁን በልቧም ቀናባት። ገንዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ወልደሩፋኤል ከላይ ብቅ ብሎ አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ካቦ፣ ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶናል። በል እንግዲህ ያቺን ተማሪህን ጥራልኝ» አለው።

ሁለት ቀን በበቅሎ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደሚላት ሲያሰላ ሄደ፤ ደጇ ሲደርስ ግን ያሰበው ሁሉ ጠፋበት። ሎሚ የማሰሮ አፍ እያለሰለሰች ነበር። ቀና ሳትል፣

«ምነው የኔታ? ምን ጎደለ?» አለችው።

ፈድሉ ለደንበኛው ዝም ቢልም ለሎሚ ዝም አላላትም ማለት ነው። የጨመዳ ጆሮ ጋለ። «ገንዳው ፈረሰ» አለ።

«ወጥ ቤት የገባ ገል?»

«አዎ።»

«ነግሬህ አልነበረም ወይ?»

«ነግረሽኛል።»

እጇን ታጠበች። ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ጨመዳ ቆሞ ጠበቀ፤ ነፍሱ በእነዚያ ጣቶች ላይ ነበረች።

«እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። የቢላ ሴት ውሃ የምትቀዳው ከገደል ወርዳ ነው። እዚያ ገደል ላይ ስትወድቅ የሚሰበረው የኔ ማሰሮ ነው። ለኔ ገበያ ነው፤ ግን ወገቧም አብሮ ይሰበራል። በል አህያ ፈልግ፣ የኔታ።»

ስድስት አህያ ገል ጭነው ሄዱ። ጨመዳ የራሱን ልስን በራሱ እጅ ፍቆ አወጣ፤ ቅባቱንም በትኩስ አመድ አሸ። ከዚያ እሷ ለሰነች፤ እሱ አቦካላት። አሸዋ ሲነፋ ከነበረበት ዘመን ወዲህ ለማንም አቡክቶ አያውቅም። «ውሃ በዛ የኔታ» ትለዋለች፤ «ኖራ አነሰ የኔታ» ትለዋለች፤ ሴቶቹም ሰምተው «የኔታ! የኔታ!» ይሉታል። ስድቡን ዋጠ። ሰባት ቀን ሙሉ የቢላ ሴቶች በዘፈን ልስኑን ደበደቡት። በሰባተኛው ቀን ሎሚ ገንዳው ወለል ላይ፣ ማሰሮዋ አንገት ላይ እንደምታደርገው፣ አውራ ጣቷን ተጭና ምልክቷን ተወች። ጨመዳ ምስማሩን አላወጣም። ከሳምንት በኋላ ውሃ ሞሉት፤ ጠብታ አልወጣውም።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ገዥው መጡ። ቧንቧውን ከፈቱ፤ ውሃው ተንፎለፎለ፤ እልልታው ቀለጠ።

«ማነው የሠራው?» አሉ ገዥው።

ወልደሩፋኤል ወደ ጨመዳ አየ። ጨመዳ አፉን ከፈተ። «ሎሚ» ማለት ነበረበት፤ ሁለት ፊደል ናት። ምላሱ ገል እንደያዘው ሁሉ አልላወስ አለው።

«ካቦ ጨመዳ ነው፣ ክቡር ሆይ» አለ ጸሐፊው።

ገዥው ያማረ ጥቁር ካፖርት ትከሻው ላይ ጣሉለት። ሰው አጨበጨበ። ጨመዳ በሕዝቡ መካከል የሎሚን ፊት ፈለገ፤ ቁጣ ቢያገኝበት ደስ ባለው። ሎሚ ግን ከሴቶቹ ጋር ቧንቧው ሥር ናት፤ በእፍኟ እየጠጣች፣ አጠገቧ ያለችውን እየረጨች፣ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ። ወደ ካፖርቱ ዞር ብላም አላየች። እንደገና ቀናባት። አሁንስ በምኗ? ካፖርት ባለመፈለጓ።

ነቀምቴ ሲመለስ ዓባይነሽ ሳትጠይቀው ሎሚን ጠርታ የቤቱን ወለል አስለሰነች። ጨመዳ ጠዋት ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚረግጠው የሎሚን ሥራ ሆነ፤ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ እንከን የሌለው። አንድ ወር ቻለ። ካፖርቱን አንድ ቀን አልለበሰውም። በመጨረሻ ጠቅልሎ ሎሚ ቤት ሄደና መደብ ላይ አስቀመጠው። «ያንቺ ነው» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲያልፍ ምን አየ? ካፖርቱ ገና ያልደረቁ ማሰሮዎች ላይ ተደርቧል። እርጥብ ሸክላ ፀሐይ በአንዴ ካገኘው ይሰነጠቃልና ሴትዮዋ ሸፍናበታለች። የገዥው ካፖርት! ገበያተኛው ከቧታል።

«አዴ ሎሚ፣ ይህን የመሰለ ካፖርት የማነው?» አለ አንዱ።

«የየኔታ ነው» አለች። «የካቦ ጨመዳ። የቢላን ገንዳ ሠርቶ የተሸለመው ነው።»

ይህንን ሲሰማ ጨመዳ ደሙ ፈላ። ቢያንስ ትክሰሰው እንጂ! ሌባ ትበለው እንጂ! ይህችንም ደግነት ትቀድመው? ሰዉን ገፍቶ መሀል ገባ።

«ተይ!» ብሎ ጮኸ። «ተይ በቃ! የኔታ አይደለሁም! ምንም አላስተማርኳትም፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት! የቢላን ገንዳ የለሰነችው ሎሚ ናት፣ ሰማችሁ? ሎሚ ናት! እኔ ነኝ ያልኩት ቀንቼ ነው!»

ፈድሉም ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ጨመዳ እያለከለከ ቆሟል፤ ስሙን ሁሉ መሬት ላይ አፍስሶት።

ሎሚ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ካፖርቱን ከማሰሮዎቹ ላይ አነሣች፣ አራገፈች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቁልፉን ቆለፈች። ልኳ ነበር።

«እንግዲያስ የኔ ነው» አለች። «በል ኦቦ ጨመዳ፣ ጥላህን ከማሰሮዎቼ ላይ አንሣ። ግማሹ ደርቆ ግማሹ ከረጠበ ይሰነጠቅብኛል።»

ጨመዳ ዘወር አለላት።